እየሠሩ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ መማር፦ ከማመልከቻ እስከ ዲፌንስ ደረጃ በደረጃ

ሥራ ላይ ሆነው በዓለም አቀፍ ግንኙነትና በቀጠናዊ ጉዳዮች ሁለተኛ ዲግሪ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ኮርሱን ይወጡታል። የሚቆሙት ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ላይ ነው። "ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ" የሚል ሰው የትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም፤ ያቺን "ብቻ" ማለት ከጀመረ ግን ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል።

ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቴሲሱን መጨረሻ ላይ የሚጀመር ሥራ አድርጎ ስላየው ነው። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ይህን ይገለብጠዋል። የመመረቂያ ጥያቄያችሁን ማመልከቻ ስትጽፉ ትይዛላችሁ፣ ኮርሶቹም እሱን እየመገቡ ይሄዳሉ።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንጠቀማለን። የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ማለትም ኢኮዋስ፣ በ2017 ጋምቢያ ውስጥ በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን አልለቅም ያሉትን ፕሬዚዳንት ያሕያ ጃሜን በጦር አስፈራርቶ አስወጣ። በ2023 ኒጀር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግም እንዲሁ አስፈራራ፤ አልሆነም። ለምን? ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመመዝገብ በፊት ፕሮግራሙን ፈትሹ

የትርፍ ጊዜ ትምህርት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ በኦንላይን፣ ወይም ጥቂት ሳምንታት ተጨናንቆ የሚሰጥ። የቱንም ብትመርጡ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

1. ለመጨረስ የተፈቀደው ረጅሙ ጊዜ ስንት ዓመት ነው? ሲያልፍስ ምን ይደረጋል?
2. እያንዳንዱ ኮርስ በየሴሚስተሩ ይሰጣል ወይስ በዓመት አንዴ?
3. ቴሲስ ግዴታ ነው ወይስ በተጨማሪ ኮርስ የሚተካበት መንገድ አለ?
4. የምርምር ዘዴ ኮርስ መቼ ይሰጣል?
5. ፕሮግራሙ በአገሩ የትምህርት ጥራት ተቆጣጣሪ እውቅና አለው?

ሁለተኛውን አትለፉት። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ግዴታ ኮርስ ለመስክ ሥራ ስትሄዱ ካመለጣችሁ፣ ምርቃታችሁ አንድ ዓመት ሙሉ ተገፋ ማለት ነው።

"ቀጠናዊ ጉዳዮች" የሚለው ቃል ስም ላይ ብቻ ተለጥፎ እንዳይሆንም እዩ። የኮርስ ዝርዝሩን አውጡና የአንድ ቀጠና ወይም የቀጠናዊ ድርጅት ስም ያለባቸውን ቁጠሩ። ከዚያ መምህራኑ ስለዚያ ቀጠና የጻፉት ነገር አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። እናንተ የምትፈልጉትን ቀጠና የሚያውቅ አንድም መምህር ከሌለ፣ ቴሲስ ላይ የሚያማክራችሁ ሰው የለም ማለት ነው።

ካልሆነ፦ ቢሮው ዝርዝሩን ካልሰጣችሁ፣ በዚያው ፕሮግራም ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልጉ። እሱ የትኛው ኮርስ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አስሉ

አውሮፓ ውስጥ በሚሠራበት የክሬዲት ሥርዓት አንድ የሙሉ ጊዜ ዓመት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። ግማሹን፣ በዓመት 30 ክሬዲት፣ የሚወስድ ሰው ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይጠበቅበታል። ለ40 ሳምንት አካፍሉት፤ በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ክሬዲት በሌላ መንገድ የሚቆጥር ትምህርት ቤት ከሆነም ሒሳቡን በዚሁ መንገድ ሥሩት።

አሁን 20ውን ሰዓት ቦታ ስጡት። ክፍል 6 ሰዓት ከወሰደ 14 ይቀራል። ሦስት ማለዳ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ 5፣ እሑድ 3፤ ሞላ። "ሥራ ስጨርስ አነባለሁ" የሚባል ዕቅድ የለም። ቀኑን ሙሉ ስብሰባና ኢሜይል ሲያደክመው የዋለ ጭንቅላት ማታ ላይ መዋቅራዊ ሪያሊዝም ስለሚባል ከባድ ቲዎሪ 30 ገጽ አያነብም፤ ገጹን ይገልጣል እንጂ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የቲዎሪ ኮርስና የምርምር ዘዴ ኮርስ አንድ ላይ አትውሰዱ፣ ፕሮግራሙ ካላስገደዳችሁ በቀር። ሁለቱም ንባባቸው ከባድ ነው።

ካልሆነ፦ ሦስት ሳምንት ንባብ ከተከመረባችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሯሯጡ። የዚህን ሳምንት አንብቡ፣ ክፍል ግቡ፣ ያለፈውን መግቢያና መደምደሚያውን ብቻ አይታችሁ እለፉ። ሁሉን እደርስበታለሁ ያለ ሰው ሴሚስተሩን በሙሉ ከክፍሉ ሦስት ሳምንት ኋላ ሆኖ ይጨርሳል።

ደረጃ 3፦ ከቀጣሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ

የፈተና ቀናትን አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ፈቃድም ያኔውኑ አስይዙ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የሰነድ ጉዳይ ነው። ይህን ትምህርት የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ፣ ቀጠናዊ ድርጅት ወይም የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ሪፖርት ለቴሲሳችሁ ግሩም ሊሆን ይችላል። ግን የእናንተ አይደለም። የጽሑፍ ፈቃድ ከሌላችሁ አትጥቀሱት፣ ወደ ግል ኮምፒውተራችሁም አትገልብጡት። "ስሙን አልጠቅስም" ማለትም አያድንም፤ ሰነዱን የጻፈው ሰው አንድ አንቀጽ ሲያነብ ያውቀዋል።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻውን በጥያቄ ጻፉ

"ከልጅነቴ ጀምሮ ለዲፕሎማሲ ልዩ ፍቅር ነበረኝ" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢው በቀን ስንቱን ያያል። አውጡት። ደብዳቤውን እንዲህ ገንቡት፦

1. የመጀመሪያው አንቀጽ፦ የሚያስጨንቃችሁ አንድ ጥያቄ። ለምሳሌ "ኢኮዋስ ጋምቢያ ላይ የተሳካለት ማስፈራራት ኒጀር ላይ ለምን ከሸፈ?"
2. ሁለተኛው፦ ሥራችሁ ከዚህ ጥያቄ ጋር ምን አገናኘው።
3. ሦስተኛው፦ በዚህ ፕሮግራም የትኛው ኮርስ፣ የትኛውስ መምህር ለጥያቄው ይጠቅማል።
4. የመጨረሻው፦ ሥራና ትምህርቱን እንዴት እንደምታስኬዱት። ደረጃ 2 ላይ ያሰላችሁትን እዚህ አስገቡት።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው ባዶ እጁን አትተዉት። የሠራችሁትን፣ ጥያቄያችሁንና የማስገቢያውን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ስጡት። ከተመረቃችሁ ቆይቶ መምህራችሁ የማያስታውሳችሁ ከሆነ፣ ከመምህሩ አጠቃላይ ደብዳቤ ይልቅ ጽሑፋችሁን በደንብ የሚያውቅ አለቃ ይሻላል። ፕሮግራሙ ይህን መቀበሉን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ለማስታወስ አንብቡ

እያንዳንዱን መጣጥፍ በዚህ ቅደም ተከተል ክፈቱ፦ አጭር መግለጫው፣ መግቢያው፣ መደምደሚያው፣ ንዑስ ርዕሶቹ። መሀሉን ካስፈለገ ብቻ። ከዚያ አምስት መስመር ጻፉ፦

1. ጸሐፊው ምን ጠየቀ?
2. ምን መለሰ?
3. በየትኛው ቲዎሪ?
4. በምን ማስረጃ?
5. የቱ ጋ ነው የሚሳሳው?

አምስተኛውን መሙላት ካቃታችሁ ገና አላነበባችሁትም።

ቲዎሪን ለብቻው ለመሸምደድ አትድከሙ። አንድ ክስተት ላይ ደርድሩት። የጋምቢያውን ውሰዱ። የኃይል ሚዛንን የሚያስቀድመው ሪያሊስት "ጋምቢያን በሦስት ጎን የከበበቻት ሴኔጋል ናት፣ የጋምቢያ ጦር ምን ምርጫ ነበረው?" ይላል። የተቋማትን ሚና የሚያጎላው ሊበራል የ2001ን የኢኮዋስ የዴሞክራሲና መልካም አስተዳደር ፕሮቶኮል ያወጣል፤ ሕጉ ነበር፣ አባላቱም ፈርመውበታል ይላል። የጋራ እሴትና ልማድን የሚያጎላው ኮንስትራክቲቪስት ደግሞ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን ላይ መቆየት በቀጠናው ነውር እየሆነ መምጣቱን ያነሣል። ከዚያ ሦስቱንም ኒጀር ላይ ሞክሯቸው። ፕሮቶኮሉ ያው ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ። ታዲያ ሕጉ ብቻ በቂ ማብራሪያ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ ስትደርሱ ቴሲስ ጀምራችኋል።

ስለ ምንጭ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሥራ ሰው ዜና ማንበብ ስለለመደ ወረቀቱንም በዜና ይሞላዋል። ዜና ቀኑን ይነግራችኋል፤ ክርክር ለመገንባት ግን ሰነዱ ራሱ ያስፈልጋል። ስለ ቀጠናዊ ድርጅቶች የምትጽፉ ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ 8ን፣ ከአንቀጽ 52 እስከ 54፣ ራሳችሁ አንብቡ። አጭር ነው። አንቀጽ 53 ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ቀጠናዊ ድርጅት የኃይል እርምጃ እንዳይወስድ ይላል። የምክር ቤቱን ውሳኔ ቁጥር 2337 ደግሞ ጎኑ አስቀምጡ፤ ጥር 2017 ላይ ስለ ጋምቢያ የወጣው ነው። ኢኮዋስን ይደግፋል፣ ግን "በቅድሚያ በፖለቲካዊ መንገድ" ይላል። ኃይል ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም? አንድ ተርም ፔፐር (ለኮርስ የሚቀርብ ወረቀት) ይወጣዋል። የምክር ቤቱ ውሳኔዎችና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች በተባበሩት መንግሥታት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ።

ምንጮቻችሁን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዞቴሮ በሚባለው የምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር መዝግቡ። ነፃ ነው። "በኋላ አሰባስበዋለሁ" ያለ ሰው ዲፌንስ ሊደርስ ሲል ሌሊቱን የገጽ ቁጥር ሲፈልግ ያድራል።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን ተርም ፔፐር ለቴሲሱ አስገብሩት

ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኮርሶቹ ላይ አከፋፍሉት። ለቲዎሪ ኮርስ፣ ጋምቢያ በሦስቱ ቲዎሪዎች። ለዓለም አቀፍ ሕግ፣ አንቀጽ 53 እና ውሳኔ 2337። ለጸጥታ ጥናት፣ የኒጀር ጦርና ጎረቤቶቿ። ለቀጠናዊ ትብብር፣ ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ከኢኮዋስ መውጣታቸው። ለምርምር ዘዴ ኮርስ፣ ፕሮፖዛሉ ራሱ።

ያስገባችሁትን ወረቀት እንዳለ መልሶ ቴሲስ ውስጥ መክተት ግን በብዙ ተቋማት ያስቀጣል። ደንቡን ጠይቁ። ንባቡን፣ ማስታወሻውንና ሐሳቡን ውሰዱ፤ ጽሑፉን እንደገና ጻፉ።

ካልሆነ፦ መምህሩ ርዕስ ራሱ ከመደበ ጉዳዩን እንደ ምሳሌ አስገቡት። ስለ ማዕቀብ ጻፉ ከተባላችሁ ኢኮዋስ ኒጀር ላይ የጣለው ማዕቀብ አለላችሁ።

ደረጃ 7፦ ርዕሱን ጥያቄ እስኪሆን ጥረቡት

አብዛኛው ሰው የሚቀረው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ በሉ።

"የቀጠናዊ ድርጅቶች ሚና በሰላምና ጸጥታ፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች።" ይህን የመሰለ ርዕስ ያላየ የለም። ችግሩ ሁሉንም ይዞ ምንም አለመጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ የያዘ ሰው የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ የሚነግረው ጥያቄ የለውማ። በዚህ ቅደም ተከተል ጥረቡት፦

1. እንቆቅልሹን ፈልጉ። "ሚናው ምንድን ነው?" እንቆቅልሽ አይደለም። "ድርጅቱ ያው፣ ሕጉ ያው፣ ማስፈራሪያው ያው፤ ውጤቱ ለምን ተለያየ?" ግን ነው።

2. ጉዳዮቹን ሁለት አድርጉ። አንድ ብቻ ሲሆን ማነጻጸሪያ ያጥራችኋል፣ አምስት ሲሆን ደግሞ እየሠራ ለሚማር ሰው አይቻልም።

3. ጊዜውን ቁረጡ። የሚንቀሳቀስ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው በየማለዳው አዲስ ዜና ምዕራፉን ያፈርስበታል። ጋምቢያን ከታኅሣሥ 2016ቱ ምርጫ ጃሜ ጥር 2017 ላይ አገር ለቀው እስከወጡበት ውሰዱ። ኒጀርን ከሐምሌ 26፣ 2023 መፈንቅለ መንግሥት ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር በይፋ ከኢኮዋስ እስከወጡበት እስከ ጥር 29፣ 2025። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አታስገቡ፤ መግቢያው ላይ ተናገሩት፣ በቃ።

4. መልሶቹን በተፎካካሪነት አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ የጎረቤት ኃይል ልዩነት ነው? ኒጀር ሰፊ ናት፣ ሰባት አገር ያዋስናታል። የውስጥ ጦሩ አቋም ነው? ወይስ ከጎኗ የቆመ አገር መኖሩ? ማሊና ቡርኪናፋሶ ኒጀር ላይ የሚወሰድ የጦር እርምጃ በእነሱም ላይ እንደታወጀ ጦርነት እንደሚቆጠር አስታውቀው ነበር፤ ለጃሜ እንዲህ ያለለት መንግሥት አልነበረም።

5. መረጃው መኖሩን ፈትኑ። ፕሮፖዛል ሳትጽፉ ሁለት ማታ ተቀመጡና አሥር የመጀመሪያ ደረጃ ሰነድ ሰብስቡ፦ መግለጫ፣ ውሳኔ፣ ፕሮቶኮል፣ ንግግር። አሥር ካልሞላ ርዕሱን ቀይሩ። አሁን መቀየር ሁለት ማታ ያስከፍላችኋል፤ ከፕሮፖዛል በኋላ ከሆነ ሴሚስተር ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

ቴሲሳችሁን በቃለ መጠይቅ ላይ ብቻ አትስቀሉት። ባለሥልጣን ይቀጥርና ይሰርዛል፣ ዲፕሎማት ይዛወራል፣ ሌላው "ስሜ እንዳይጠቀስ" ብሎ ጋዜጣ ላይ ያለውን ይደግምላችኋል። ቃለ መጠይቁ ቢቀር እንኳ በሰነድ ብቻ የሚቆም ንድፍ ይኑራችሁ። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ የሚጠይቅ ተቋም ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃዱ አንድም ሰው አታናግሩ፤ በኋላ የሚያጸድቀው የለም።

ደረጃ 8፦ አማካሪያችሁን በጽሑፍ ያዙ

አማካሪው ብዙ ተማሪ አለው። ኮሪደር ላይ የተነገረውን አያስታውስም፣ እንዲያስታውስም አትጠብቁ። ከእያንዳንዱ ግንኙነት በፊትና በኋላ አጭር መልእክት ላኩ፦ የሠራሁት፣ የተቸገርኩበት፣ ከእርስዎ የምፈልገው። እንዲህ፦

"ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የጋምቢያውን ምዕራፍ ረቂቅ አያይዣለሁ። የተቸገርኩት የሴኔጋልን ሚና ከኢኮዋስ ሚና መለየት ላይ ነው። ከገጽ 8 እስከ 11 ያለውን ቢያዩልኝና እስከሚቀጥለው ዓርብ አስተያየትዎን ቢልኩልኝ በጣም አመሰግናለሁ።"

"ረቂቁን ይመልከቱልኝ" ብቻ ብላችሁ 60 ገጽ አትላኩ። የትኛውን ገጽ፣ ለምን፣ እስከ መቼ።

ካልሆነ፦ ሁለት ሳምንት ዝም ካለ በትሕትና አስታውሱ። አሁንም ዝም ካለ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ጻፉ፣ የላካችሁትንም ከነቀኑ አያይዙ። አማካሪ ማስቀየር ነውር አይደለም፤ ግን በጊዜ ይሁን።

ደረጃ 9፦ ከመሀል ጀምራችሁ ጻፉ

መግቢያውን አትጀምሩት። መጀመሪያ የጉዳዮቹን ምዕራፎች ጻፉ፣ ቀጥሎ ንጽጽሩን፣ ከዚያ ቲዎሪውን በተጠቀማችሁበት ልክ አሳጥራችሁ፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ። ከቲዎሪ የሚጀምር ሰው ሃምሳ ገጽ ቲዎሪ ጽፎ ስለ ኒጀር አንድ መስመር ሳይኖረው ይደክመዋል።

ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል ተርጉሞ ያለ ምንጭ ማስገባት ስርቆት ነው፤ መመሳሰልን የሚፈትሽ ሶፍትዌር ባይዘውም ፈታኝ ይይዘዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከተጠቀማችሁ መጀመሪያ ተቋሙ የሚፈቅደውን እወቁ። የሚሰጣችሁን ምንጭ አንድ በአንድ ክፈቱ፤ የሌለ መጣጥፍ ከነገጹ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ሕይወት ሲገባበት በደብዳቤ አቁሙ

ዝውውር፣ ሕመም፣ ልጅ፣ የሥራ ጫና ይመጣል። የሚያበላሸው ማቋረጡ ሳይሆን ሳይናገሩ መጥፋቱ ነው። ሬጅስትራር ሂዱ፣ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ቅጹን በጊዜው ሙሉ፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ፣ የሪአድሚሽን (የመመለሻ) ቀኑን መዝግቡ። ቅጽ ሳይሞሉ የቀሩበት ኮርስ ኤፍ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ የተፈቀደው የዓመት ገደብም መቁጠሩን ላያቆም ይችላል። ቆይታችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ የደረጃ 5ን አምስት መስመሮች አንብቡ፤ ለዚህም ነው የጻፋችኋቸው።

ደረጃ 11፦ ዲፌንስና ከዚያ በኋላ

ሦስት ጥያቄዎች አይቀሩም። ለምን እነዚህን ሁለት ጉዳዮች መረጣችሁ? መከራከሪያችሁን ውድቅ የሚያደርግ ማስረጃ ምን ይሆን ነበር? ሌላኛው ቲዎሪ ለምን አይሻልም? ለእያንዳንዳቸው የሁለት ደቂቃ መልስ ይዛችሁ ግቡ። የማታውቁትን "ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው" በሉ፣ ግን እውነትም ውጭ ሲሆን ብቻ። ስላይዱን እያነበባችሁ አታቅርቡ፤ ፈታኞቹ ማንበብ ይችላሉ።

ዲፌንስ አልፎ እርማት ሳያስገቡ የሚቀሩም አሉ። የፈታኞቹን አስተያየት እዚያው ክፍል ውስጥ ጻፉ፣ በዚያው ሳምንት በሠንጠረዥ አስቀምጡት፦ አስተያየቱ፣ ያረማችሁት፣ ገጹ። ለአማካሪው ላኩ፣ ፊርማውን ተቀበሉ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አስገቡ፣ የቤተ መጻሕፍት ክሊራንስ ጨርሱ። ዲግሪው ከመታተሙ በፊት ደግሞ ስማችሁ በውጭ ቋንቋ የተጻፈበትን ፊደል ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።